ፖከርን ከመጽሐፍ የተማሩት ጋሽ ተፈራ

አላመንኩም። አሁንም ይሄን እየጻፍኩ አላመንኩም።

ዛሬ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ገና ሳልቀመጥ ጀማል ከጎባ ደወለልኝ። "ኑሪ፣ ባርሲሳ አረፉ" አለኝ። ጋሽ ተፈራን ነው፤ መምህር ስለነበሩ በኦሮምኛ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። "እሁድ አብረውን አልነበሩም እንዴ?" አልኩት። እሁድ የታየ ሰው ማክሰኞ የማይሞት ይመስል።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ተፈራ ጎባ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ጭር አለባቸውና፣ እሁድ ከሰዓት በጀማል የእህል መጋዘን በረንዳ ላይ የምንጫወተውን ፖከር ተቀላቀሉ። እኔም ከሮቤ እየሄድኩ ነው የምጫወተው። በባቄላ ነው፣ በገንዘብ አይደለም። እናቴ "ቁማር ሐራም ነው" ስትለኝ "ባቄላ ነው እማ፣ ሲመሽ ይቀቀላል" እላታለሁ።

ግን ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ስንዴ ታጭዶ ሲያልቅ ትልቁ ጨዋታ አለ። በዚያ ቀን ከሁሉ ቀድሞ ባቄላው ያለቀበት ሰው እስከሚቀጥለው አጨዳ ካርታ አይነካም። መምጣት ይችላል፣ ግን ቆሞ ነው የሚያየው። እኛ ሚስትና ልጅ አለን፣ ሱቅ አለን። ጋሽ ተፈራ ግን ከእሁድ በቀር ምንም አልነበራቸውም። "ኑሪ፣ ከዚህ ጠረጴዛ ከተነሳሁ የምሄድበት የለኝም" ብለውኛል።

ታዲያ ምን አደረጉ? መጽሐፍ አነበቡ! የእህታቸው ልጅ በቴሌግራም የላከችላቸውን የእንግሊዝኛ የፖከር መጽሐፍ ኮፒ ቤት አሳትመው በብብታቸው ይዘው መጡ። ሳቅን። ዋና በሬዲዮ እንደመማር ነው አልናቸው።

የመጀመሪያ ቀን መጽሐፉ ጉድ ሠራቸው። ሦስት ኪንግና ሁለት አስ ያዙና ባቄላቸውን በሙሉ ገፉት። ጀማል አምስት ቀይ ልብ ዘርግቶ ባቄላውን ሰበሰበ። ጋሽ ተፈራ ቱግ አሉ። "የእኔ ነው የሚበልጠው! ይኸው ተጽፏል!"

"ማል ጄታኒ ባርሲሳ? ምን እያሉ ነው?" አለ ጀማል። "እዚህ ቀይ ልቡ ይበልጣል። አባቴም እንዲህ ነው የተጫወተው።"

ለምን እንደሚበልጥ ግን እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

በቃ ይተዉታል ብለን ነበር። በሚቀጥለው እሁድ እየሳቁ መጡ። ሳምንቱን ሙሉ አልጋቸው ላይ ካርታ ሲዘረጉ ከርመዋል። "ትክክል ናችሁ" አሉን። "እናንተ ከሁለት እስከ ስድስት ያለውን አውጥታችሁ ነው የምትጫወቱት። ካርታው ሲያንስ ቁጥሩ የሚመሳሰል በሽ ነው፤ አምስት ቀይ ልብ ግን ብርቅ ይሆናል። መጽሐፉ ጎባን አያውቃትም!"

ከዚያ በኋላ ይቺ አባባል ከአፋቸው አልጠፋችም። መጽሐፉን ምዕራፍ በምዕራፍ ከእኛ ጨዋታ ጋር አስታረቁት። "ሁለት ጥንድ ከያዝክ ግፋ ይላል። እዚህ ሁለት ጥንድ የሌለው ማን አለ? ጣለው!" ይሉኛል። እኛ ደግሞ ካርታ ጥሎ ከዙሩ መውጣት ሞት ነው የሚመስለን። ዝም ብለን እንገፋለን፣ እሳቸው ዝም ብለው ይሰበስባሉ። በዚያ ዓመት የአጨዳውን ጨዋታ ጠራርገው በሉት። ቀድሞ የወጣው ማን ነበር? እኔ!

ስለዚህ ማንም በማያውቀው የሰፈር ፖከር መጽሐፍ ምን ይፈይዳል ለምትሉኝ፣ ይፈይዳል። እንዲያውም ከታወቀው ጨዋታ ይልቅ እዚህ ነው የሚፈይደው። ሁሉም ያነበበበት ቦታ ማንበብህ ከሰው እኩል ቢያደርግህ ነው። ማንም ያላነበበበት ቦታ ግን ትንሽ ያነበበ ይቀድማል፤ ያነበበውን እንዳለ ካልዋጠው።

ጋሽ ተፈራ ግን ያወቁትን ደብቀው መያዝ አልቻሉበትም፤ መምህር ናቸዋ። ቆሜ ባሳለፍኩበት ዓመት ከጀርባቸው አቁመው ካርታቸውን እያሳዩ አስተማሩኝ። ለምን እንደጣሉ፣ ለምን እንደገፉ በጆሮዬ ይነግሩኛል። በእኛ ጨዋታ ያልተመቸህን ካርታ አንዴ መቀየር ትችላለህ። "አንድም ካርታ ሳይቀይር የሚገፋ ሰው ወይ ሞልቶለታል ወይ ይዋሻል። ካርታውን ተወውና ሰውየውን እየው" ይሉኝ ነበር።

ባለፈው አጨዳ አንድም ካርታ ሳይቀይሩ ያላቸውን ሁሉ ገፉብኝ። ሦስት አስ ይዣለሁ። አየኋቸው። ከወትሮው ይልቅ ተረጋግተዋል። "ያሳዩኝ ጋሼ" አልኩ።

ባዶ ነበሩ።

ባቄላቸው ከሁላችን ቀድሞ አለቀ። እሁድ ለእሳቸው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ግን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ዘንድሮ ደንቡ ይቅር ብዬ ልለምን ስል "ደንብ ደንብ ነው" ብለው ተነሱ። ጀማል ሊያስቃቸው ፈልጎ "እንግዲህ መጽሐፉ አልጠቀመም ማለት ነው?" አላቸው።

"እንዴት አልጠቀመም? ኑሪን አላየኸውም?"

በሕይወቴ እንዲህ የኮራሁበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲህ አንድም እሁድ አልቀሩም። ጋቢያቸውን ደርበው ቆመው ያዩናል። ወንበር ስናቀርብላቸው እምቢ ይላሉ። ስንዴው ቢጫ እየሆነ ነው፤ ተመልሰው ሊጫወቱ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት ነበር።

ጋሽ ተፈራ፣ ነገ ጎባ መጥቼ እሸኝዎታለሁ። ዘንድሮም በአጨዳው ጨዋታ እቀመጣለሁ፤ ማንም እንደማያሸንፈኝም አውቃለሁ። ጀማልም ያውቃል። የሚያሸንፈኝ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም እርስዎ ነበሩ።

ደህና ይሁኑ የኔ መምህር።