በጉንጭ የተያዘ ጉርሻ

ዳላስ፣ የጃፓኖች የጎዳና ፌስቲቫል ላይ፣ የቀድሞ ሚስቴ አዲሱ ባል ኦክቶፐስ የተወሸቀበት ትኩስ የሊጥ ኳስ በስንጥር ወግቶ ወደ አፌ ዘረጋ።

«ጉርሻ ወንድሜ፣ በሞቴ» አለኝ። በሞቱ መለመኑን እንኳ አልጠላሁትም። ልጄ ግን ቆማ ታየናለች።

እንፋሎቱ ከንፈሬን ሲለበልበው ልጅነቴ መጣ። እናቴና የአባቴ እህት እትዬ በላይነሽ በውርስ ቤት ተጣልተው፣ ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው እኛ ቤት ሰብስበዋቸው ነበር። እትዬ በላይነሽ ለእናቴ ጉርሻ ዘረጋች። እናቴ አፏን ዘጋች። የተጠቀለለ ጉርሻ ደግሞ ወደ ሳህን አይመለስም። አክስቴ ድመት የሚያክለውን ጉርሻ እኔ አፍ ውስጥ ወተፈችው። የዶሮ ወጡ ቅቤ በአገጬ ወርዶ ሸሚዜ ውስጥ ገባ።

እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ከዋጥከው የሷ ነህ» አለችኝ።

የሷ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ብተፋው ደግሞ አክስቴ ታለቅሳለች። በርበሬው እያስለቀሰኝ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ እንደ ጦጣ ጉንጬ ውስጥ ይዤው ተቀመጥኩ።

«ዳድ፣ ፕሊስ፣ ብላለት» አለች ልጄ።

አፌን ከፈትኩላት።

«እንዴት ነው?» አለኝ ሰውዬው።

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩለት። ከዚያ ጉንጬ እንዳበጠ ዩለስ ከተማ እስካለው ቤቴ ድረስ ነዳሁ።