ሲስተር ይውጣል

የድንገተኛ ሕክምና ሠልጣኞች ለአስተማሪያቸው ያወጡላት ስም «ሲስተር ይውጣል» ነው። መድኃኒት በደም ሥር፣ በጡንቻ፣ በአፍንጫ፣ በምላስ ሥር እንዴት እንደሚሰጥ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምራለች፤ አብልጣ የምትፈራው ግን ሠልጣኝ ሁሉ የሚንቀውን መንገድ፣ አፍን ነው።

«በአፍማ ማንም ይሰጣል ትላላችሁ» ትላለች። «ማንም ስለሚሰጥ ነው ሰው የሚታነቀው! መጀመሪያ ጠይቁ፤ ይውጣል?»

ቃሏ መሬት ጠብ አይልም። ዘንድሮ ግን አንዲት የቀድሞ ልብስ ሰፊ ልትሠለጥን መጣችባት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ጓደኞቿ «ቀስ በቀስ» የሚሏት። ይህች ሴት ወደ መለማመጃው አሻንጉሊት ጎንበስ ብላ «ጌታዬ፣ ይውጣሉ?» ትልና መልሱን ትጠብቃለች። ሲስተር ደሟ ይፈላል።

«አሻንጉሊት መቼ ነው የሚመልስልሽ?»

«እሱ ባይመልስም፣ አለመጠበቅ ልማድ እንዳይሆንብኝ ነው ሲስተር። ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም።»

ሲስተር መዝገቧ ላይ «ትዘገያለች፤ ለአምቡላንስ አትሆንም» ብላ ጻፈች። ሰኞ ልታሰናብታት ቆርጣለች።

እሑድ ከሰዓት የሲስተር ባል፣ የስኳር በሽተኛው፣ ኢንሱሊኑን ተወግቶ ምሳውን ሳይበላ አልዘጋ ያለ በር ሲጠግን ቆየና በላብ ተጠምቆ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ቢጠሩት አይሰማም። አምቡላንስ ጠራች። ከዚያ በኋላ የሃያ ሁለት ዓመት ትምህርት እንደ ጉም በነነና ሚስት ብቻ ሆና ቀረች። ስኳር በውሃ በጥብጣ፣ ጭንቅላቱን ክንዷ ላይ ደግፋ ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋች።

ይሄኔ አምቡላንሱ ደረሰ። ከአምቡላንሱ ባለሙያ ጋር ለልምምድ የወጣችው ቀስ በቀስ ነበረች። ገብታ የአስተማሪዋን እጅ ያዘች።

«ሲስተር፣ ይውጣሉ?»

«ልቀቂኝ! እየሞተብኝ ነው!»

ቀስ በቀስ አልለቀቀችም። እንደ ልማዷ መልሱን ጠበቀች። ያኔ ሲስተር የባሏን ፊት ደህና አድርጋ አየች። መንጋጋው ላልቷል፤ ምራቁ በጉንጩ ይወርዳል።

«አይውጥም» አለችና ማንኪያውን ጣለች።

ባለሙያው የባልየውን ጣት ወግቶ ስኳሩን ለካ፤ ግሉኮሱ በደም ሥር ገባ። ጥቂት ቆይቶ ባልየው ዓይኑን ገለጠና «በሩስ ተዘጋ?» አለ። ሲስተር እየሳቀች አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት መዝገቧን ይዛ ክፍሉ ፊት ቆመች።

«ትናንት አንዲት ሴት ራሱን ለሳተ ሰው ስኳር ውሃ በአፉ ልትሰጥ ነበር። ስንት ልስጣት?»

«ዜሮ!» አሉ ባንድ ድምፅ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ አቀረቀረች።

«ትክክል። ሴትዮዋ እኔ ነኝ።» መዝገቡን ከፍታ የጻፈችውን ሰረዘችና ቀና አለች። «ነይ አንቺ ልብስ ሰፊዋ። አሻንጉሊቱን ጠይቂው፤ ዛሬ ሁላችንም መልሱን እንጠብቃለን።»