ገጽ አርባ ሁለት

ሃምሳ አለቃ ትግሉ ሃያ ሁለት ዓመት በውትድርና አገልግሎ ጡረታ ሲወጣ ወደ ተወለደበት ጎጃም አልተመለሰም። ያገባውም፣ የወለደውም፣ ሶማልኛውን ከገበያ የለቀመውም ጅግጅጋ ነውና እዚያው ቀረ። በ2011 ዓ.ም. የደራሲ ሀናድ ቤት ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ።

ሀናድ መምህር ነበር፤ በሶማልኛ አንድ መጽሐፍ ጽፎ፣ ሁለተኛውን ሳይጀምር ሞተ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ አልጋውና የእንጨት ሳጥኑ አለ። በሌላው መጽሐፉ ራሱ፣ በተቆለፈ የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ገጽ አርባና አርባ አንድ ላይ ተገልጦ ተቀምጧል።

ለቤቱ አስጎብኚ ተመድቦለት ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ። ሦስት ሳምንት ሠርቶ በእድገት ተዛወረ። የመስታወቱን ሳጥን ቁልፍ ለማን እንዳስረከበ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምትክ ይላካል ተባለ። ምትኩ እስኪመጣ የበሩ ቁልፍ በትግሉ እጅ ስለነበር ተማሪዎቹን የሚቀበለው እሱ ሆነ። በር ከፍቶ ዝም ብሎ መቆም ደግሞ ነውር መሰለውና ማስረዳት ጀመረ።

አንድ ችግር ነበረበት። መጽሐፉ የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ትግሉ የሚያነበው የአማርኛውን ብቻ። ለዚህም መላ አላጣም። ከተማሪዎቹ መካከል ድምፁ ያማረውን ይመርጥና፣ «እስቲ ለጓደኞችህ አንብብላቸው» ይላል። እንዲህ ሲል ሲል ዓመት ሳይሞላ ሁለቱን ገጾች በቃሉ ያዘ፤ እንዲያውም የሚሳሳት ተማሪ ቢኖር ያርም ነበር። አስተማሪዎቹ በዕውቀቱ ይደነቁ ጀመር።

በሁለቱ ገጾች ላይ ያለው ታሪክ ይህ ነው። በድርቅ ዘመን አንድ ቤተሰብ ውኃ ዳር ሰፍሯል። ወደ ማታ መንጋው ሲቆጠር አንዲት ነጭ ግመል ጎድላለች። የቤቱ ወንድ ልጅ ኮቴዋን እየተከተለ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ ኮረብታው ላይ ይወጣል፤ «ከኮረብታው ማዶ ሲመለከት» ይልና ገጹ ያልቃል።

ከሀርሺን የመጡ ተማሪዎች አንድ ቀን ይህን አንብበው ሲጨርሱ፣ ዐምራን የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ መስታወቱ ላይ ተደፍታ ቀረች።

«አደር፣ ከዚያስ?» አለችው። አደር ማለት በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው።

«ከዚያማ... ገጹ አለቀ።»

«ይገለጥ እንጂ!»

ቁልፉ ጠፍቷል ማለት ለመንግሥት ቤት ክብር አልመሰለውም። የሀርሺን ልጆች ደግሞ የግመል አርቢ ልጆች ናቸው፤ የጠፋች ግመል ሳትገኝ እንዴት ይሳፈራሉ? «አገኛት» አላቸው። «ወልዳ፣ ግልገሏን እየላሰች።» ልጆቹ አጨበጨቡ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ይጠይቀው ጀመር። የሐርተሼክ ተማሪዎች የመጡ ዕለት ጥርሱን አሞት ስለነበር ግመሏን ጅብ በላት። ለደምበል ልጆች ከገዛ አጎታቸው መንጋ መካከል ተገኘች። ትግሉ ውሸት አላለውም። እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም፣ በቃ።

ጉዱ የፈላው በ2016 ነው። ጅግጅጋ ላይ በተደረገ የትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር፣ «በደራሲ ሀናድ መጽሐፍ የጠፋችው ግመል መጨረሻዋ ምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ ወጣ። የሀርሺን ቡድን ወለደች አለ። የሐርተሼክ ጅብ በላት አለ። የደምበሉ አጎቱን ሌባ አደረገ። ሦስቱም «ሙዚየም ሄደን የሰማነው ነው!» ብለው ተነሡ። ዳኛው መምህር ዋርሳሜ የታሸገውን ፖስታ ሲከፍቱ ደግሞ ትክክለኛው መልስ «ዝናብ ተከትላ ሄዳ በራሷ ተመለሰች» ይላል። ጥያቄውን ያወጡት ራሳቸው ነበሩ፤ እሳቸውም አንድ ዓርብ ሙዚየሙን ጎብኝተዋል።

በሳምንቱ ሻርማርኬ የሚባል ኃላፊ ሙዚየሙን ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት መጣ። «ሃምሳ አለቃ፣ ክርክር ምን ያደርጋል? ሳጥኑን ከፍተን ገጽ አርባ ሁለትን እናነባለን» አለ። ቁልፉ የለምና ትግሉ መፍቻ ፈልጎ አመጣ። መስታወቱ በመፍቻ ተነቀለ። ሻርማርኬ መጽሐፉን በሁለት እጁ ሲያነሣው ከሥሩ ዱቄት ፈሰሰ። ምስጥ ከታች በጠረጴዛው እግር ገብቶ፣ የገጽ አርባ ሁለትን ጽሑፍ ከወረቀቱ ጀርባ ፍቆ፣ ከዚያ በታች ያለውን ጠርጎ በልቶታል። ከላይ ለጎብኚ የሚታየው ብቻ አልተነካም።

ሌላ ቅጂ ተፈለገ፤ አልተገኘም። «እንግዲህ እህቱ አለች» አለ ሻርማርኬ። «ሂድና ጠይቃት። ለኮሚቴ ይቀርባል።»

የሀናድ እህት ሙልኪ ከሰባ ያለፉ ሴት ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር የከተማው ዳር ይኖራሉ። ትግሉ ደጃፋቸው ላይ ጫማውን አውልቆ ገባና፣ በሶማልኛ ኤዶ፣ አክስቴ፣ ብሎ ጠርቷቸው ሳይጠየቅ ኃጢአቱን ሁሉ ተናዘዘ። «ኤዶ፣ የወንድምዎን ግመል አራት ጊዜ አራት ቦታ አድርሻታለሁ። ይቅር ይበሉኝ። እውነቱን ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔ ምን አውቄ! እሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲጽፍ ግመል የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ማን አነበበልኝ?»

«ኮቴዋን የተከተለው እሱ አይደለም?»

«ሀናድ?» አሉ ሙልኪ። «ሀናድ የግመል ኮቴ ከአህያ ኮቴ አይለይም ነበር። እኔ ነኝ የፈለግኋት። ያገኘኋትም እኔ ነኝ፤ በሁለተኛው ቀን፣ ከኮረብታው ማዶ።»

ትግሉ እፎይ አለ። «ተገኝታለቻ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሸጣት። መጽሐፉን ለማሳተም።» ሙልኪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ። «በጣም የምትታለብ ግመል ነበረች።»

ትግሉ የሰማውን አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ ለኮሚቴው አቀረበ። በሕይወቱ እንዲህ ተጠንቅቆ የተናገረበት ቀን የለም። ሰባቱ የኮሚቴ አባላት በማስታወሻቸው መዘገቡት። በመጨረሻ አንዱ፣ «ይሄ ለሕፃናት አይሆንም፤ የደራሲውንም ስም ይነካል» አለ። ሁለት ሰዓት ተወያዩ። ቃለ ጉባኤ ተይዞ በአምስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ግመሏ ተገኘች፤ ያገኛት ደራሲው ሆነ፤ መንደሩም በደስታ ጉድጓድ ቆፈረ። ለትግሉም «ከፍተኛ የቅርስ ባለሙያ» የሚል ደብዳቤ ተጻፈለት፤ የጥበቃ ሥራውን ደርቦ እንዲሠራ።

ወታደር ነውና ትእዛዝ ተቀበለ። ኮሚቴው ያጸደቀውን ወረቀት ሰው አንብቦለት፣ ሶማልኛውን በአማርኛ ፊደል ገልብጦ ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሚያነብበት ሐሙስ ሙልኪን በባጃጅ አስመጣና በሀናድ አልጋ ላይ አስቀመጣቸው። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ቆሙ። ትግሉ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ እስከ ጉድጓዱ ድረስ አነበበ። ተጨበጨበ።

ልጆቹ ወጥተው መኪና ላይ ሲጫኑ ወደ ሙልኪ ቀረበ። «ኤዶ፣ ምን ይላሉ?»

ሙልኪ ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሡ።

«ደግ አድርገዋታል» አሉ። «እንዲህ ቢሆን እኔም ወተቱን እጠጣ ነበር።»