ከታች የረዘመ ማርሽ

እህቴን ሰፈሩ «ሹፌሯ» ነው የሚላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች አሮጌ ታክሲዋ፣ የማንንም እጅ ሳታይ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት። አምና ደረጃ ላይ ወድቃ ቀኝ ትከሻዋ ከተሰበረ በኋላ ግን ክንዷ ወደ ፊት አልዘረጋ አላት። አንደኛና ሦስተኛ ማርሽ ለማስገባት ከወንበሯ ተነሥታ መሪው ላይ መደፋት ሆነ።

ታላቅ ወንድማችን ይሄን አይቶ፣ መኪናዋ ትሸጥና አርፋ ትቀመጥ ብሎ ፈረደ። ሳያማክራት ገዢ ሁሉ ፈልጎ አገኘ። ደሜ ፈላ። የሷን መተዳደሪያ የሚሸጠው ማን አድርጎት ነው?

እሷ ደግሞ ከኔ ትብስ ነበር። ማርሹ ትንሽ ብቻ ተገፍቶ እንዲገባ ማድረግ እንደሚቻል ከአንድ ተሳፋሪ ሰምታ ወደ መካኒኳ በረረች። ያ ጅል መላው ይሄ ነው ብሎ መጋዙን አነሣና የማርሹን ዘንግ ከላይ ቆረጠላት። ጭራሽ እጀታውን ለመያዝ ማጎንበስ ጀመረች። ወንድማችን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

እሷ መች በዚህ ትበገራለች! መካኒኩን ራሱን አናቱ ላይ ቆማ አሠራችው። መርዘም ያለበት ዘንጉ ከሚወዛወዝበት መገጣጠሚያ በታች ያለው ክፍሉ ነው፤ ያ ሲረዝም ከላይ ትንሽ መግፋት ይበቃል። ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ሄደው አዲስ ዘንግ አስወጡ። መካኒኩ በወንበሮቹ መሃል ያለውን ክዳን ፈቶ፣ ከመኪናው ሥር ገብቶ አሮጌውን አላቀቀ፤ አዲሱን ግራሶ ቀብቶ ገጠመ። ማርሹ ጠጠር ይላል፤ ክንዷን ሳትዘረጋ ግን ይገባል።

ወንድማችን ገዢውን ይዞ ሲመጣ ሁለቱንም ከኋላ አስቀምጣ ነዳች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። በግርግሩ መሃል ማርሽ እየቀያየረች ሾለከች። ዳገቱ ላይ ከንፈሯን ስትነክስ ወንድማችን በመስታወቱ አያት።

«ያምሻል አይደል? ምን አለበት ብታርፊ?» አላት። እውነቱን ለመናገር፣ ከልቡ አዝኖላት ነበር።

«አዎ፣ ያመኛል» አለችው። «ስነዳ ትከሻዬን ነው የሚያመኝ። ቤት ቁጭ ብዬ ደጅ ደጁን ሳይ ግን ሁለመናዬን ነው።»

 ወንድማችንን እቤቱ በር ድረስ ወስዳ መኪናዋን አቆመችና፣ ተሳፋሪ ስለሚጠብቃት ቶሎ እንዲወርዱላት ነገረቻቸው።