ሳንሰማ የተፈተንነው ሲምፎኒ

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛና የመጨረሻ ዓመት ሳለሁ የአውሮፓ ሙዚቃ ታሪክ ያስተማረን ሰው፣ ገጽ በገለጠ ቁጥር አውራ ጣቱን በምላሱ ያርስ ነበር። ስለዚያ ትምህርት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ኦፔራው ወይም ኦርጋኑ ሳይሆን ያ እርጥብ ጣት ነው። ያለው አንድ ሃንድአውት ብቻ ነው፤ ዕድሜ ጠግቦ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ በምራቅ ጠቁሯል። ኮፒው ግቢው በር ላይ ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ይሸጣል፤ እሱ ግን ያነባል፣ እኛም እንጽፋለን። ሲያነብ ከንፈሩ ግራና ቀኝ ነጭ አረፋ ይሰበሰባል። የምቀመጠው ከፊት ስለነበር ምንም አያመልጠኝም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ ዛሬ ስጽፍ ግን አንቱታው እምቢ አለኝ።

በወጣትነቱ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ነው። «እኛ ዘንድ ያለው ጩኸት ነው፤ ሙዚቃ ያለው እዚያ ነው» ይለን ነበር። እዚያ አለ ያለውን ሙዚቃ ግን አንድም ቀን አላሰማንም። ክፍላችን ጥግ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ስፒከር ነበር። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቆ የሚያውቅም የለም። ሳጥኑ ጃኬት ማስቀመጫ ሆኖ ቀርቷል።

እርግጥ ነው፣ ሁላችንም ስልክ ነበረን። ለመስማት ብንፈልግ የከለከለን አልነበረም። ይህን የማነሳው ጥፋቱን ሁሉ ሰውየው ላይ ጭኜ ንጹሕ እንዳልመስል ነው። ፈተናው የሚወጣው ከሃንድአውቱ ነው፤ ሃንድአውቱን የሸመደደ ኤ ያገኛል። እኔ ደግሞ ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጠባብ ቤት ወጥቼ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በሽምደዳ ነው። ሌላ መንገድ መኖሩም ትዝ አይለኝም ነበር።

ክፍላችን ውስጥ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሴት ነበሩ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው ዲግሪ ለመያዝ የመጡ ናቸው። «ማዘር» ነበር የምንላቸው፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በፌዝ። አንድ ቀን ሰውየው ስለ አንድ ሲምፎኒ ሲያጽፈን እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይሄን ሲምፎኒ አንዴ ብንሰማውስ?»

ሰውየው ጣቱን ከምላሱ ሳያነሳ ቀና ብሎ አያቸው።

«ሙዚቃ ካማረዎት ሠርግ ቤት ይሂዱ። እዚህ የምንማረው ታሪክ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ እንዲደርሰው ብዬ ጮክ አድርጌ ነው የሳቅሁት። ማዘር እስክሪብቶአቸውን ከደኑና ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

የሴሚስተሩን ወረቀት በዚያው ሲምፎኒ ላይ ጻፍኩ። ሃንድአውቱ ስለ ሲምፎኒው ሁለተኛ ክፍል ሲናገር «ዝግ ያለ፣ ጥልቅ ሐዘን ያዘለ፣ የቀብር ጉዞ የሚመስል» ይላል። እኔ ያችን አንዲት መስመር ሦስት ገጽ አደረግኋት። ቫዮሊኖቹን አስለቀስኳቸው፤ ከበሮውን ሬሳ አሸከምኩት። ሰውየው ሙሉ ማርክ ሰጠኝና «ኑ፣ መጻፍ ተማሩ» ብሎ በክፍሉ ፊት አስነበበኝ። አንብቤ ስጨርስ ማዘር እጃቸውን አወጡ።

«ግሩም ነው ልጄ። ስትሰሚው ምን ተሰማሽ?»

«እንባዬ መጣ» አልኩ።

«ስንት ጊዜ ሰማሽው?»

«ሦስት፣ አራት ጊዜ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ጎሽ» አሉ። እኔም ኮርቼ ተቀመጥኩ።

አባቴ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ሰዓት ይጠግናል። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ምሳ ይዤለት ሄድኩና ሙሉ ማርክ ማግኘቴን ነገርኩት። በጣም ደስ አለው። ዓይኑ ላይ የሰካትን ማጉያ መነጽር አውልቆ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«በምንድነው ያገኘሽው?»

«በአንድ ሲምፎኒ። በጣም የሚያሳዝን ነው አባዬ፣ ቀብር ነው የሚመስለው።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

«ምኑን?»

«ሙሉ ማርክ ያገኘሽበትን ነዋ።»

ላንጎራጉርለት አፌን ከፈትኩ። የሚወጣ ነገር የለም። መቼ እንደተጻፈ፣ የት ከተማ መጀመሪያ እንደቀረበ፣ ስንት መሣሪያ እንደሚጫወተው አውቃለሁ፤ አንዲት ድምፅ ግን ውስጤ የለችም። አባቴ ይጠብቃል። ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩና ሁለተኛውን ክፍል ከፈትኩለት።

ገና ሲጀምር ሙዚቃው ጋለበ። ፈጣን ነው፤ ይዘላል፣ ይሳሳቃል፣ ይሽከረከራል። አባቴ በጣቱ ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር፤ የተፈታቱት የሰዓት ብሎኖች ሳህናቸው ላይ ተንቀጠቀጡ።

«ይሄማ ጭፈራ ነው!» አለ እየሳቀ። «ምኑ ነው ያሳዘነሽ?»

የተሳሳተ ከፍቼ ይሆናል ብዬ የሌላ ኦርኬስትራ ፈለግኩ። ያው ነው። ሦስተኛው ክፍል ሲመጣ ግን ያ ዝግ ያለው ሐዘን፣ ያ ቀብር የሚመስለው ተከተለ። ሃንድአውቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አንደኛው ገጽ ግርጌው ላይ «ሁለተኛው ክፍል» ብሎ ያበቃል፤ ማብራሪያው መቀጠል ያለበት በሚቀጥለው ገጽ ነው። ቀጥሎ የተያያዘው ገጽ ግን የሦስተኛውን ክፍል የሚያብራራው ነበር። ሁለት ገጾች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ የገጽ ቁጥሮቹን ደግሞ ፎቶ ኮፒው ቆርጧቸዋል። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ስንት ተማሪ፣ ጭፈራውን ለቅሶ ብሎ ጽፎ ተመረቀ? ሰውየውስ ይህን ሙዚቃ በሕይወቱ ሰምቶት ያውቃል? የእኔዎቹ ሦስት ገጾች፣ ያለቀሱት ቫዮሊኖች፣ «እንባዬ መጣ» ያልኩት፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣብኝ። አባቴ እንድጎርስ ምሳውን ወደ እኔ ገፋ ቢያደርገው ማየት እንኳ አልቻልኩም።

ሰኞ ቢሮው ሄድኩ። የእስክሪብቶ ክዳን ጆሮው ውስጥ ከቶ እየኮረኮረ አገኘሁት። ገጾቹ መቀያየራቸውን ነገርኩትና ስልኬን ከፈትኩ። ሙዚቃው ገና አንድ ሁለት እንዳለ «ዝጊው» አለኝ።

«መምህር፣ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ቢሰሙት...»

«አንቺ ሳትወለጂ ነው የሰማሁት።» ክዳኑን ከጆሮው አወጣ፤ ጫፉ ላይ የወጣውን አየት አደረገና ሱሪው ላይ ጠረገው። «ሙሉ ማርክ ሰጥቼሻለሁ። ሌላ ምን ጎደለሽ?»

«ምንም አልጎደለኝም። ግን ሃንድአውቱ...»

«ፈተናው በሃንድአውቱ ነው።»

«እሺ መምህር» ብዬ ወጣሁ። ያችን «እሺ» እስከ ዛሬ እጸየፋታለሁ፤ ከጆሮው ኩክ ይልቅ።

የመጨረሻው ፈተና ላይ ጥያቄው መጣ፤ የሁለተኛውን ክፍል ጠባይ ግለጹ ይላል። የአባቴ ጣት ጠረጴዛውን ሲመታ ይሰማኛል። ወረቀቱን ትንሽ አየሁትና «ዝግ ያለ፣ ጥልቅ ሐዘን ያዘለ፣ የቀብር ጉዞ የሚመስል» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ቃል አልሳትኩም። ኤ አገኘሁ።

ማዘር ወደቁ። ውጤት የወጣ ቀን ኮሪደር ላይ ወረቀታቸውን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። «ፈጣን፣ ጨዋታና ጭፈራ የበዛበት» ብለው በዚያ በሚያምር የአስተማሪ ጽሑፋቸው መልሰዋል። ሰውየው ከዳር እስከ ዳር በቀይ ሰርዞ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎበታል። በጥቂት ነጥብ ነው የወደቁት፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት መጠበቅ አለባቸው።

ፒያሳ ወስጄ ማኪያቶ ጋበዝኳቸው። ባንኮኒው አጠገብ ቆመን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሱቁን፣ የቢሮውን፣ ፈተናው ላይ የጻፍኩትን። ብርጭቆአቸውን ሳይነኩ አዳመጡኝ።

«ያን ቀን አንብበሽ ስትጨርሺ አውቄሻለሁ» አሉ። «እኔ እኮ ልብስ ሳጥብ እሱን ነው የምከፍተው። ሃያ ጊዜ ሳልሰማው አልቀርም።»

«ታዲያ ለምን እዚያው አላጋለጡኝም?»

«ሰው ክፍል ውስጥ ሲዋረድ ምን እንደሚመስል አውቀዋለኋ!» ማኪያቶውን አማሰሉ። «ሳቅሽን ግን አልረሳሁትም። እንደረሳሁት አታስቢ።»

«ነገ አብሬዎት የዴፓርትመንቱ ኃላፊ ዘንድ እሄዳለሁ» አልኳቸው።

በነጋታው ሄድን። ኃላፊው ወጣት፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ሙዚቃውን አሰማነው፣ ገጾቹን አሳየነው። ግማሽ ደቂቃ አዳምጦ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ።

«አይ ሽማግሌው! የእርስዎ ይስተካከላል እናቴ፣ ዝም ብለን እዚሁ እንጨርሰዋለን።»

«የእኔስ?» አልኩ። «የተሳሳተውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።»

«ማርክ ቀንሱልኝ የሚል ተማሪ ገና ዛሬ አየሁ። ሂጂ፣ ተመረቂ።»

«ሃንድአውቱስ?»

«በክረምት ጡረታ ይወጣሉ። ትልቅ ሰው ማስቀየም ምን ይሠራል?»

ማዘር ከእኛ ጋር ተመረቁ። እኔም በማዕረግ ተመረቅሁ። ሰውየው ጡረታ ሲወጣ ካባ ተሸለመ፤ እኔም ከተማሪዎቹ መካከል ቆሜ አጨበጨብኩ።

በዓመቱ ለአንድ ጉዳይ ግቢ ስሄድ፣ በር ላይ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ያው ሃንድአውት ተደርድሮ አየሁ። አሁን ኮርሱን የሚሰጠው የሰውየው የድሮ ተማሪ ነው። ኮፒ የምታደርገዋን ሴት ለምኜ ዋናውን ቅጂ አስወጣኋት፤ ሽቦውን ነቅዬ ሁለቱን ገጾች በየቦታቸው መለስኩና በእጄ የገጽ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ያን ቀን ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስወርድ ከስንት ጊዜ በኋላ ሆዴ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ በዚያ ሳልፍ ሴትየዋ ጠራችኝ።

«እህት፣ ያን ወረቀት አዘበራርቀሽብኝ ሄድሽ አይደል? መምህሩ መጥቶ ተቆጣኝ። ገጹ ተምታቷል ብሎ እንደ ድሮው አስተካከለው።»

ከኋላዋ ማሽኑ እየሠራ ነበር። ወረቀቱ እየሞቀ ይወጣል፤ ተማሪዎች ተሰልፈዋል። አንዷ ልጅ ተቀብላ፣ አውራ ጣቷን በምላሷ አርሳ ገጾቹን ቆጠረች። ሊያስታውከኝ ስለደረሰ አፌን በነጠላዬ ይዤ ወደ ታክሲ ተራው ሮጥኩ።