ማረሻዋን አላወርድም ያለች ትራክተር

ጠዋት ነው። ማሳው መሃል ቆሜ የትራክተሯን እጀታ ወደ ታች እገፋለሁ፤ ማረሻው ከኋላዬ እንደተንጠለጠለ ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ደህና ነው... ጎማው ደህና ነው... ማረሻው ብቻ አልወርድም ብሏል።

በዚያ ወር ውስጥ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ከድካሜ የተነሳ መሳደብ እንኳ አቅቶኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቦታው ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የገበሬዎች ማኅበር እርሻ ነው። ትራክተሯ ትንሽ ናት፣ ማረሻዋን በሃይድሮሊክ ዘይት ግፊት የምታነሳና የምታወርድ። ባለቤቷ «ሰፊው ሕዝብ» ነው ይባላል። ስትበላሽ ግን ሰፊው ሕዝብ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሾፌር የሆንኩት በሁለት ሳምንት ሥልጠና ነው። መመሪያዋ የተጻፈው በአካባቢው ማንም በማያነበው ቋንቋ ስለሆነ ሥዕል ሥዕሉን እያየሁ ነበር የምፈታት። መጀመሪያ ስትቆም ዘይቱን ለካሁ፣ ሙሉ ነው። ሁለተኛ ስትቆም ፊልትሮውን አውጥቼ በናፍታ አጥቤ መለስኩ። ወገቤ እስኪቆረጥ ስፈታና ስገጥም እውላለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ማረሻው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሸርተት ብሎ ይወርዳል። «ሠራኋት!» ብዬ እኮራለሁ። ሳምንት ገደማ ሲያልፍ ያው እንደገና...

ሁለተኛውን ጊዜ የማኅበሩ ካድሬ ቆሞ አይቶኛል።

«ጓድ፣ እኔ ብልሽት የሚባል ነገር አላውቅም። አሻጥር የሚባል ግን አውቃለሁ። አንዴ ብትደግም ደባርቅ ሄደህ ታስረዳለህ።»

ከእኔ በፊት የወፍጮው ሠራተኛ «ለማስረዳት» ሄዶ ነበር። ሚስቱ አሁንም ስንቅ ታመላልስለታለች።

እና በዚህ በሦስተኛው ጊዜ፣ እድሌ ሆኖ ካድሬው ለስብሰባ ጎንደር ነበር። ጎማው ሥር ተቀምጬ የሥራ መዝገቤን ገለጥኩ። ሲጠይቁኝ ምን ብዬ ላስረዳ? የቆመችባቸውን ቀኖች አነበብኩ። አሥራ ሁለት። ሃያ አንድ። ሃያ ሰባት።

ደግሜ አነበብኩ። ሚካኤል... ማርያም... መድኃኔዓለም...

በእኛ አገር በእነዚህ ቀኖች ሞፈር አይነሳም። ማኅበሩ ግን «በዓል የሰነፍ ምክንያት ነው» ብሎ ካሳረሰን ዓመት ሆኖት ነበር። እንግዲህ ሰው ሲያርስ ትራክተሯ ናት በዓል የምታከብረው!

በሃያ ዘጠኝ፣ በበዓለ ወልድ ዕለት፣ ነገሩን ላጣራ ብዬ ጎህ ሲቀድ መጠለያዋ ጋ ደረስኩ። ዘበኛው አያ ደስታ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው እጃቸውን ከወንበሯ ሥር ሰደዋል።

«አያ ደስታ! ምን እየሠሩ ነው?»

አልደነገጡም። «ላሳርፋት ብዬ ነው ልጄ።»

ከወንበሩ ሥር የቧንቧ መዝጊያ የምታህል የምትዞር ነገር አለች። ስትዘጋ ማረሻው ከተነሳ በኋላ አይወርድም፤ ለመንገድ ጉዞ ተብላ የተሠራች ናት። ትራክተሯን ያመጣልን መካኒክ ሲከፍታት እኔ የርክክብ ወረቀት እየፈረምኩ ነበር። አያ ደስታ ግን ቆመው እያዩ ነበር። በዓል ሲሆን ማልደው ይዘጓታል፤ በማግስቱ እኔ ሳልመጣ ይከፍቷታል። እኔ ሞኙ በመሃል ፊልትሮ አጥባለሁ!

«አምና በረዶው ገብሱን ለምን የጨፈጨፈው ይመስልሃል? በሚካኤል ስለታረሰ እኮ ነው። እሷ ካልሠራች ሰው ሁሉ ያርፋል። እምቢ ያለ የለ፣ የሚታሰር የለ።»

«እኔስ? ደባርቅ ሊወስዱኝ እኮ ነው!»

እጃቸውን ከወንበሯ ሥር አወጡና... «አንተን አላሰብኩህም» አሉ። ፊታቸው ጠቆረ።

መዝጊያዋን ሳልከፍታት፣ ከጎንደር የተመለሰው ካድሬ ከተፍ አለ። ማሳ ድረስ እንኳ አላስሄደኝም፤ እዚያው «አንሳ» አለኝ፣ አነሳሁ። «አውርድ» አለኝ፣ አልወርድም አለች።

«እንግዲህ ጓድ...» ብሎ ሳይጨርስ አያ ደስታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ፊት መጡ።

«ጓድ፣ ጥፋቱ የኔ...»

«የዘይቱ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። በንዴት ስግል የቆየሁ ሰውዬ፣ እኚህ ሽማግሌ በኔ ፈንታ ሊታሰሩ ሲሉ ሆዴ ባባ። «የዚህ አገር ብርድ ዘይቱን ያደክመዋል ጓድ። በየጊዜው ካላረፈች ፓምፗ ይቃጠላል።»

አገጩን እያሸ አየኝ። «የምታርፈው በዕቅድ ነው ያለ ዕቅድ?»

«በዕቅድ!»

«በዕቅድ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ጽፈህ አምጣ።»

ጻፍኩ። «የሃይድሮሊክ ዘይት ማሳረፊያ መርሐ ግብር፤ በየወሩ 12፣ 19፣ 21፣ 27፣ 29።» ቢሮው ገብቼ ሰጠሁት። አነበበ። እንደገና አነበበ። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

ተመልሶ ተቀመጠና እስክሪብቶውን አወጣ።

«ሃያ ሦስትን ረስተሃል» አለኝ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። ጊዮርጊስን ማለቱ ነው። በገዛ እጁ ጨመረውና ማኅተሙን መታበት።

ከዚያ በኋላ ትራክተሯ ያለ ዕቅድ ቆማ አታውቅም። በዚያ ዘመን በዓል በማኅተም ስታከብር ያየኋት እሷን ብቻ ነው።