የወንድሜ መንገድ፣ ከጓንዡ ሰቆጣ

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ርቀት እኔን አያስፈራኝም። ታናሽ ወንድሜ ከሚማርበት ከቻይናዋ ጓንዡ አዲስ አበባ በአየር ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውሮፕላኑ በአሥር ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል። ከአዲስ አበባ ሰቆጣ ግን ወልዲያ ታድሮ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በዚያ ሰሞን ግን አልሳቅኩም።

እናታችን ያረፈችው እሱ ለእረፍት ሊመጣ ትኬት ከቆረጠ በኋላ፣ ሊሳፈር ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ቀበርናት። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አገሩ ይገባል፣ አንድ ሌሊት በሰላም ያድራል፣ ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገረዋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር ነው። አንዳንዱ ዘመናዊ ነኝ ባይ ኋላ ቀርነት ይለዋል። እኔ በሙሉ ልቤ አምንበታለሁ። ወንድሜ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጦ ብቻውን እንዲያለቅስ አልፈለግኩም።

ስለዚህ ነገሩን በእጄ ያዝኩት። ማንም ፌስቡክ ላይ ፎቶዋን እንዳይለጥፍ ዘመድ አዝማዱን አስጠነቀቅኩ። ቦሌ የሚቀበለውን የአጎቴን ልጅ ጥቁር ልብሱን እንዲያወልቅ አዘዝኩት። ወንድሜ "እማዬን አገናኚኝ" ሲለኝ የምመልሰውንም አዘጋጀሁ፤ ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም።

ሳይሳፈር ደወለ፣ ቦሌ ደርሶ ደወለ፣ ከወልዲያም ደወለ።

"ጠበሉ ተስማማት?" ይለኛል።

"በጣም" እላለሁ፣ ድምፄን ሳላዛንፍ። በሥራዬ ኮርቼ እንደነበር አልደብቅም።

ሰቆጣ ሲገባ አጎታችን ቤት አሳደርነው። ሲነጋጋ የንስሐ አባታችን ከፊት፣ ዘመድና ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ከኋላ፣ ተያይዘን ገባን። ወንድሜ ልብሱን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"አባ፣ አይቸገሩ። አውቄያለሁ" አላቸው ቀስ ብሎ። "አዲስ አበባ ላይ ነው ያወቅኩት። የደወለልኝ ዘመድ ሁሉ ስልኩን ሲዘጋ አይዞህ ይለኛል። ለእረፍት ወደ እናቱ የሚሄድን ሰው አይዞህ የሚለው አለ?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ የፈራሁለትን ነገር፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ብቻውን ተሸክሞት መጥቷል።

"ታዲያ ከወልዲያ ደውለህ ጠበሉ ተስማማት ወይ ያልከኝ ለምንድን ነው?" አልኩት።

"ድምፅሽ ደህና ነበር፣ እታለም። ሰው አጠገብሽ ሳይኖር እንዳታለቅሺ ብዬ ነው።"

እሱን ሊይዙ የተሰበሰቡት ሰዎች ያን ጠዋት የያዙት እኔን ነው።